ሽሮ ታማ የወሰንናቸው ሁለት ውሳኔዎች

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሁለት እህትማማች አባላት የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር ጸሐፊያችን "የሚቀጥለው ተራ የእናንተ ነው፤ በደንብ የምታውቁትን አንድ ነገር ንገሩን" ስትለን ሁለታችን ተያየን። ከእኛ በፊት የተናገሩት እህቶች ስለ ግብር አሞላል፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ቤት አገዛዝ ነው ያስተማሩን። እኛ ደግሞ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከምንም በላይ ጠንቅቀን የተማርነው አንዲት ጊኒ ፒግን ማስታመም ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኛም መጀመሪያ ስቀናል።

ይህን ንግግር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን ነው ያዘጋጀነው። የምታነበው አንደኛችን ብትሆንም ቃሉ የሁለታችን ነው። "ልጃችን" ስንል አንዳችን የወለድናት፣ ሁለታችን የምናሳድጋት ማለታችን ነው። አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ አንብባ ፈቅዳልናለች።

ሽሮና ምስር

ጊኒ ፒግ ለማታውቁ፦ ጅራት የሌላት፣ ከአይጥ የምትበልጥ፣ ከጥንቸል የምታንስ፣ ሣር በል እንስሳ ናት። ስሟ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ከጊኒ አገርም ከአሳማም ጋር ዝምድና የላትም። የትውልድ አገሯ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው፤ እዚያ ከጥንት ጀምሮ ለሥጋዋ ትረባለች። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው የፔሩ ተወላጅ ጎረቤታችን መጀመሪያ ስታያት "አያቴ በበዓል ቀን ትጠብሳት ነበር" ብላ ልጃችንን አስለቅሳታለች። ኋላ ግን ድርቆሽ ተሸክማ የምትመጣው እሷው ሆነች። ጊኒ ፒግ ከ5 እስከ 8 ዓመት ትኖራለች። የአዋቂዋ ክብደት ከ700 እስከ 1200 ግራም ቢሆን ነው።

የእኛዎቹ ሁለት ነበሩ። የልጃችን የትምህርት ቤት ጓደኛ ወደ ሌላ ግዛት ስትሄድ ከነቤታቸው ትታልን ሄደች። ልጃችን በቀለማቸው አንዷን ሽሮ፣ ሌላዋን ምስር አለቻቸው። ጊኒ ፒግ ብቻዋን መኖር የማትወድ እንስሳ ናት፤ ሁለት መሆናቸው ደግ ነበር። እኛ ግን እውነቱን ለመናገር ለልጅ ደስታ ብለን የተቀበልነው ተጨማሪ ጽዳት አድርገን ነበር ያየነው።

አመጋገባቸውን ማንም አላስተማረንም። ጎመን በከተፍን ቁጥር እንሰጣቸዋለን። ድርቆሽ ልንገዛ ስንሄድ አልፋልፋ የሚል ጽሑፍ አየን። አልፋልፋ አገር ቤት ለወተት ላም የሚመሰገን መኖ ስለሆነ ምርጡን አገኘን ብለን ያንን ገዛን። ሁለቱም ካልሲየም የበዛባቸው ናቸው። ለምታድግ ወይም ላረገዘች ጊኒ ፒግ አልፋልፋ ይሆናል፤ ላደገችው ግን አይሆንም። የእነዚህ እንስሳት ሰውነት ከምግብ ብዙ ካልሲየም ይወስድና ትርፉን በሽንት ነው የሚያስወጣው። ሽንቱ ውስጥ እየረጋ ሲሄድ ጠጠር ይሆናል። ይህን ያወቅነው ከሆነ በኋላ ነው።

ሕመሙ እንዴት ታየን

አንድ ቀን ልጃችን "ሽሮ ስትሸና ትጮኻለች" አለችን። "ተጫውታ ነው" አልናት። በሳምንቱ ፎጣዋ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ አየን። ምግቧን አላቆመችም፤ ግን እንደ ድሮው ፍሪጅ ሲከፈት ሮጣ አትመጣም። ጥግ ላይ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ፀጉሯን አቁማ ትቀመጣለች።

እህቶች፣ ሣር በል ትንንሽ እንስሳት ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ሜዳ ላይ የደከመ መሆኑ የታየበት ቀድሞ ይበላልና። ስለዚህ ሕመሙ ለእኛ ሲታየን ውስጥ ውስጡን ቆይቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋታችንን እንናገር። ቤታችን ውስጥ ከአገር ቤት የመጣ አሞክሳሲሊን ነበር። ብዙዎቻችሁ ቤት እንዳለ እናውቃለን። "ሽንት ቢሆን ነው፤ ትንሽ ከካፕሱሉ በውሃ በጥብጠን እንስጣት" ብለን ከፍተነው ነበር። ቀጠሮ ለመያዝ የደወልንለት ክሊኒክ ሠራተኛ "እስካሁን ምን ሰጣችኋት?" ብላ ስትጠይቀን ነገርናት። ልጅቷ በስልክ ጮኸችብን። እንደ አሞክሳሲሊን ያሉ የፔኒሲሊን ወገን መድኃኒቶች በአፍ ሲሰጡ በጊኒ ፒግ አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ገድለው ለመርዘኛው ቦታ ይለቁለታል፤ እንስሳዋን ይገድሏታል። ለእኛ ፈውስ የሆነው ለእሷ መርዝ ነበር። አፏ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነው የተረፈችው።

ሐኪም ማግኘትም ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ውሻና ድመት እንጂ ሌላ አያይም። የጊኒ ፒግ፣ የጥንቸልና የወፍ ሐኪም ለብቻው ነው። አርባ ደቂቃ ነድተን አገኘን። ሐኪሟ ራጅ አነሷት። ፊኛዋ ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጠጠር ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ታየ። ልጃችን እንባዋን እየጠረገች "ሽሮ ሆድ ውስጥ ሽምብራ" አለች። ያን ቀን የሳቅነው ያቺን ብቻ ነው።

ሐኪሟ ሦስት መንገድ አስቀመጡልን። አንደኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ፊኛውን ከፍቶ ጠጠሩን ማውጣት። ሁለተኛው የሕመም ማስታገሻ እየሰጡ መቆየት ነው፤ ግን ጠጠሩ አይሟሟም፣ ወርዶ የሽንት መውጫውን ከዘጋው በጭንቅ ትሞታለች። ሦስተኛው ሳትሠቃይ በመርፌ ማሳረፍ ነው። "ሦስቱም ለእሷ ብላችሁ ካደረጋችሁት ነውር የለባቸውም" አሉን። የቀዶ ሕክምናው ግምት ከ1,600 እስከ 2,100 ዶላር የሚል ወረቀት ሰጡን። ሁለት ቀን አስቡበት ተባልን።

ወጥ ቤት ውስጥ የተጠየቁ አራት ጥያቄዎች

ያን ቀን ማታ ልጃችን ስትተኛ ሁለታችን ወጥ ቤት ቁጭ አልን። አንደኛችን "አይሆንም" ብላ ነው የጀመረችው። ሌላዋ ደግሞ ዝም አለች፤ ዝምታዋ እሺ ማለቷ እንዳልሆነ እናውቃለን። በር ላይ ድምፅ ሰማን። ልጃችን አልተኛችም ነበር።

"ሽሮን የማታሳክሟት ገንዘብ ስለሌለን ነው ወይስ ትንሽ ስለሆነች?" አለችን።

ይቺን ጥያቄ ለመመለስ ነበር ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያደረግነው። እውነቱን እንነግርሻለን ብለን አስቀመጥናት። ወረቀት አምጥተን አራት ጥያቄ ጻፍን።

አንደኛ፦ ያለ ቀዶ ሕክምና ትድናለች? መልሱ ግልጽ ነበር፤ አትድንም።

ሁለተኛ፦ ቀዶ ሕክምናውን ትችለዋለች? በማግሥቱ ደውለን ጠየቅን። ሽሮ አራት ዓመት ገደማ ናት፤ 910 ግራም ትመዝናለች፤ ገና ትበላለች፤ የደም ምርመራዋ ኩላሊቷ ደህና መሆኑን አሳይቷል። ሐኪሟ "ማደንዘዣ ለማንኛውም ትንሽ እንስሳ አደጋ አለው፤ ቃል አልገባም። ግን ሠርተን ከሚሻላቸው ወገን ናት" አሉን። ጠጠሩ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችልም ሳይደብቁ ነገሩን።

ሦስተኛ፦ ከዚያ በኋላ ማን ያስታምማታል? ይህን ጥያቄ እኛ አናስበውም ነበር፤ ሐኪሟ ናቸው ያነሱት። "ከቀዶ ሕክምና በኋላ በየሦስት በየአራት ሰዓቱ በእጅ መመገብ ሊኖርባችሁ ይችላል። ቤት የሚውል ሰው አለ?" አሉ። የለም። አንደኛችን የሌሊት ሺፍት፣ አንደኛችን የቀን ነው የምንሠራው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ሁለታችን የምንገናኘው።

አራተኛ፦ ገንዘቡ ከማን አፍ ነው የሚወጣው? እዚህ ላይ ነው የከበደን። የእናታችን የዓይን ሞራ የሚወጣበት ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ነበር። ደብረ ብርሃን ደወልንላቸው። እንደሚቆጡን እርግጠኛ ነበርን። እማማ ጸጥ ብለው ሰሙና "አባታችሁ በሬው የታመመ ጊዜ ሁለት በግ ሸጦ ነው ሐኪም ያመጣ። ግን በሬው ያርሳል። ያቺ ምን ትሠራለች?" አሉ። መልስ አልነበረንም። ትንሽ ቆይተው "ልጅቱ ምን ትላለች?" ብለው ጠየቁ። ነገርናቸው። "እንግዲህ የእኔን ዓይን አትንኩ እንጂ የራሳችሁን ጉዳይ ራሳችሁ እወቁት" ብለው ዘጉ።

የእማማን ዓይን አልነካንም። ይህን ደንብ አድርገን ጻፍነው፤ ለሰው የተመደበ ገንዘብ ለእንስሳ አይዞርም። የቀረን የሚገዛው ሶፋና ዕቁባችን ነበር። የዕቁብ ተራችን ገና አምስት ወር ይቀረው ነበር። የዚያ ወር ባለ ተራ የነበረችው እህታችን ሳንጨርስላት "ውሰዱት፤ የእኔ በእናንተ ተራ ይሁን" አለችን። ለምን እንደሆነ ስንነግራት ሳቀች፤ ቃሏን ግን አላነሳችም።

እዚሁ አዳራሽ ውስጥም ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። አንዲት እናታችን፣ እዚህ ስላሉ ስማቸውን አንጠራም፣ "ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚሞትበት ዘመን ዕቁብ ለአይጥ ይቆረጣል?" አሉ። ብዙዎቻችሁ ዝም አላችሁ። እኛም ዝም አልን፤ ምክንያቱም ንግግራቸው ውሸት አልነበረም። ዛሬም ውሸት አይደለም። ልንል የምንችለው ይህን ብቻ ነው፦ ያ ገንዘብ ለሽሮ ባይወጣ ኖሮ ለሶፋ ይወጣ ነበር፤ መድኃኒት ላጣ ሰው አይደርስም ነበር። ሶፋ ብንገዛበት ደግሞ ማንም አይጠይቀንም። ይህ ለራሳችን ምክንያት መስጠት መሆኑንም እናውቃለን። ቢሆንም ልጃችን "ትንሽ ስለሆነች ነው?" ብላ ለጠየቀችው "አይደለም" ብለን የመመለስ አቅም ያን ጊዜ ነበረን። መለስንላት።

ቀኑ

በረዶ በጣለበት ሳምንት ወሰድናት። ለሰው ቀዶ ሕክምና ሲባል ከማታው ጀምሮ እንዳይበላ እንደሚደረግ ሁላችን እናውቃለን፤ እኛም ምግቧን ልናነሣ ነበር። ጊኒ ፒግ ግን ማስታወክ አትችልም፤ ሆዷ ባዶ ሆኖ ከቆየ ደግሞ አንጀቷ ሥራ ያቆማል። ስለዚህ እየበላች ነው የምትሄደው፤ ሐኪሟ ከማደንዘዣው በፊት አፏን ያጸዱላታል። የምትወደውን ድርቆሽና ምስርንም ይዛችሁ ኑ ተባልን። ስትነቃ የምታውቀው ሽታ አጠገቧ እንዲኖር ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተደወለ። ተርፋለች። ጠጠሩን በትንሽ ጠርሙስ አድርገው ሰጡን። እንደ ሽምብራ ነው ያልነው እውነት ነበር፤ ግን ዳሩ ሻካራ ነው። አንደኛችን በጣቷ ነክታው "ይህን ይዛ ነው ስትበላ የነበረችው?" አለች። "አይሆንም" ያለችው እሷ ነበረች።

ቀዶ ሕክምናው ግማሹ ነው

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። እህቶች፣ ሐኪም የሚሠራው አንድ ሰዓት ነው። የቀረውን የሚሠራው ቤት ያለው ሰው ነው። ይህን የሰው ሕመም ያስታመማችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ለትንሽ እንስሳ ደግሞ ይብሳል፤ ለስሕተት የሚሆን ጊዜ የላትማ።

ቤቷን አዘጋጀን። እንጨት ፍቅፋቂው ቁስል ውስጥ ስለሚገባ ተነሥቶ ንጹሕ ፎጣ ተነጠፈላት፤ ጠዋትና ማታ ይቀየራል። ትንሽ ሰውነት ቶሎ ይቀዘቅዛልና ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለን በአንድ ወገን አደረግንላት፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ቦታ ግን በሌላው ወገን አለ። ምስርን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በሽቦ ለይተን አጠገቧ አስቀመጥናት፤ ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ ስፌቱን ግን አትነካባትም።

ምግቡ ለታማሚ ሣር በሎች የሚዘጋጅ ዱቄት ነው፤ በለብ ያለ ውሃ እንደ አጥሚት ይበጠበጣል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከፊት ጥርሷ ጎን አስገብቶ ጥቂት ጥቂት፣ ስትውጥ እየጠበቁ መስጠት ነው። ቶሎ ቶሎ ከተገፋ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ለሽሮ የታዘዘላት በቀን 60 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን በአምስት በስድስት ጊዜ ይከፋፈላል። ቫይታሚን ሲ ደግሞ በየቀኑ ያስፈልጋታል፤ ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በሰውነቷ መሥራት አትችልም፤ ካላገኘች ቁስሏም አይድንም።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሲነጋ ሚዛኑ ላይ ስናስቀምጣት 835 ግራም ሆነች። እንደ ፍየል በጠጥ ያለው ኩሷ ከማታ ጀምሮ አንድም አልነበረም። ሲሪንጁን ስናቀርብ አፏን ገጠመች። ጥርሷን ታፋጫለች።

ለክሊኒኩ ደወልን። "የሕመም ማስታገሻዋን ስንት ሰዓት ሰጣችኋት?" አሉ። አንደኛችን ወደ ሌላዋ ዞረች። ሌላዋም ወደ አንደኛዋ። ከሥራ የገባችው "ከመውጣትሽ በፊት ሰጥተሻታል ብዬ ነው" አለች። የወጣችው "ስትገቢ ትሰጫታለሽ ብዬ ነው" አለች። ማንም አልሰጣትም። ከሃያ አራት ሰዓት በላይ ያለ ማስታገሻ ነበረች። ያመማት እንስሳ አትበላም፤ ካልበላች አንጀቷ ይቆማል፤ አንጀቷ ከቆመ ትሞታለች። ሁለት ሺህ ዶላር ከፍለን፣ ሁለት ሰው ሆነን፣ በመሐላችን በነበረ ክፍተት ልንገድላት ነበር።

መድኃኒቱን ሰጠናት፤ ወደ ሐኪሟም ሮጥን። ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጧት፤ አንጀቷን የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት ጨመሩላት። "ዛሬና ነገ ያለ ሰው እንዳትተዋት" ብለው መለሱን።

ያን ቀን ነው ለማኅበራችን የደወልነው። አፍረን ነበር። ነርስ የሆነችው እህታችን መጥታ መጀመሪያ ያደረገችው ፍሪጁ ላይ ትልቅ ወረቀት መለጠፍ ነበር። ሰዓት፣ ክብደት፣ ስንት ሚሊ በላች፣ መድኃኒት፣ ሽንት፣ ኩስ፣ በመጨረሻም የሰጪዋ ፊርማ። "ያልተፈረመ ያልተሰጠ ነው" አለችን። ሥራ ላይ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሁለት እህቶች የቀኑን ሰዓት ተከፋፈሉ። ጎረቤታችን የፔሩዋ ማታ ማታውን ያዘች።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። እኚያ እናታችን ናቸው። "የታመመ ሲጠይቁ ባዶ እጅ አይኬድም" ብለው የማያቃጥለውን ትልቁን ቀይ ቃሪያ ሦስት ፍሬ በፌስታል ይዘዋል። ስንመግባት ትንሽ ተመለከቱንና "እናንተ እየለመናችኋት ነው፤ ልጅ እንዲህ አይጎርስም" አሉ። ጋቢያቸውን አጥፈው ሽሮን አንገቷ ብቻ እንዲወጣ አድርገው ጠቀለሏት፤ ደረታቸው ላይ አስደገፏት፤ አሥራ ሁለት ሚሊውን ጠብ ሳያደርጉ አጎረሷት። ስድስት ልጅ ያሳደገ እጅ ነው። "አሁንም ገንዘቡ በዝቷል እላለሁ" አሉን ሲወጡ። "ግን አንዴ ከጀመራችሁ በኋላ መተው ኃጢአት ነው።"

በአምስተኛው ቀን ሌሊት በጠጡን አገኘን። የፊርማው ወረቀት ላይ ልጃችን በቀይ እስክሪፕቶ "ሰባት!" ብላ ጽፋለች። በስድስተኛው ቀን ድርቆሽ ራሷ ስባ ስታኝክ ሰማን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስፌቱ ታየ፤ ድኗል። ፍሪጁ ሲከፈት "ዊክ ዊክ" ማለት ጀመረች። አልፋልፋው ቀረ፤ የቲሞቲ ድርቆሽ ተተካ። ጎመኑም ቀረ፤ ቃሪያና ሰላጣ ሆነ። ውሃ በሁለት ቦታ።

ሁለተኛው ውሳኔ

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለን ነበር። በአሥራ ሦስተኛው ወር ሽሮ ስትሸና ጮኸች።

ይህን ጊዜ አልጠበቅንም፤ በማግሥቱ ወሰድናት። ምግቧን ብንቀይርም ጠጠሩ ተመልሷል። ሐኪሟ "ምግቡ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ሰውነታቸው ራሱ ያበጀዋል" አሉን። አሁን ጠጠሩ አንድ አልነበረም፤ ኩላሊቷ ውስጥም ታየ። የደም ምርመራዋ ጥሩ አልነበረም። ክብደቷ 760 ግራም ወርዷል።

ወጥ ቤት ተቀመጥን፤ ይህን ጊዜ ሦስታችን። ያቺን አራት ጥያቄ የጻፍንባት ወረቀት ልጃችን ደብተሯ ውስጥ አስቀምጣት ኖሯል፤ እሷው አመጣችው። ያለ ቀዶ ሕክምና ትድናለች? አትድንም። ቀዶ ሕክምናውን ትችለዋለች? ሐኪሟ ብትተርፍም የኩላሊቱን ማውጣት እንደማይችሉ ነግረውናል። የሚያስታምማት አለ? አሁን አለ። ገንዘቡስ? ገንዘቡም ነበረን፤ በክሬዲት ካርድ ከፍለን ቀስ በቀስ እንጨርሰው ነበር።

ሁለቱ መልሶች "አዎ" ነበሩ፤ ግን የእኛ አዎዎች ናቸው እንጂ የሽሮ አይደሉም። ለሽሮ የሚጠይቁት ሁለቱ "አይሆንም" አሉ። ልጃችን ወረቀቱን ለብዙ ጊዜ ስታይ ቆየችና "ባለፈው ለእሷ ነበር። አሁን ብናደርገው ለእኔ ነው" አለች። እኛ እንዲህ ብለን አልነገርናትም።

ሁለት ቀን ቤት አቆየናት፤ ማስታገሻዋ ሳይቋረጥ፣ እየተፈረመ። ሦስተኛው ቀን ሦስታችን ገባን። መጀመሪያ በማደንዘዣ አስተኟት፤ ከዚያ በኋላ ነው መርፌው። ልጃችን እጇን ጀርባዋ ላይ እንዳደረገች ነበር። ምስርንም አሳየናት፤ አሸተተቻትና ዞር አለች። አብሯት የኖረችው ጓደኛዋ የት ሄደች ብላ እንዳትፈልግ እንዲህ ማድረግ ደግ ነው ብለውን ነው።

በዚያ ሳምንት እሑድ እኚያ እናታችን ልጃችንን እዚህ አዳራሽ በር ላይ አገኟት። እጇን ይዘው "እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ ልጅ" አሏት፤ እንደ ትልቅ ሰው። አላሾፉም። ልጃችን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያለቀሰችው።

የምንተውላችሁ

እንስሳ ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ የሚለምኗችሁ እህቶች፣ ይህን ያዙልን።

ከማምጣታችሁ በፊት የሚያክማት ሐኪም የት እንዳለ እወቁ። የውሻ ሐኪም ሁሉ የጊኒ ፒግ ሐኪም አይደለም።

የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ። በየሳምንቱ፣ በሕመም ጊዜ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኑ። ዓይን ከማየቱ በፊት ሚዛን ያያል። ምግብ እንቢ ካለች እስከ ነገ አትጠብቁ።

የሰው መድኃኒት አትስጡ። ጥቂት ብቻ ብላችሁም ቢሆን።

ቀዶ ሕክምና ሲባል ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። "ከዚያ በኋላ በየስንት ሰዓቱ ምን እናደርጋለን?" በሉ። መልሱን ሰምታችሁ የምትሠሩት ሰዎች ስማችሁን በየሰዓቱ ጻፉ። ስም ያልተጻፈበት ሰዓት ካለ ገና አልወሰናችሁም።

ገንዘቡን በተመለከተ የእኛ ደንብ ለሁሉም ይሆናል አንልም። ከመጀመሪያው ማሳረፍን የመረጠች እህት ብትኖር ከእኛ ያነሰ ወደደቻት አንልም። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ልጅ ሲጠይቅ እውነተኛውን ምክንያት ንገሩት። ገንዘብ ከሆነ ገንዘብ ነው በሉት። ልጅ ድህነትን ይረዳል። የማይረሳው መዋሸቱን ነው።

የእማማ ዓይን ባለፈው ዓመት ተሠርቶ ደህና ሆኗል። ሶፋው ገና አልተገዛም። ምስር አለች፤ ብቻዋን እንዳትሆን ሌላ ጓደኛ ተገኝቶላታል፤ ልጃችን ቡላ ብላታለች። ሚዛኑ ፍሪጁ አጠገብ ነው፤ ሲሪንጆቹም ታጥበው ተቀምጠዋል። የምትፈልግ እህት ካለች ትደውልልን፤ እናውሳታለን። ሌሊትም ቢሆን ከሁለታችን አንዳችን ነቅተን ነው የምናድረው።